መድፍ ብቻውን ከተማ አይዝም

«ሲቪላይዜሽን 6»ን የተጫወታችሁ ካታፑልትን ታውቁታላችሁ፤ ምናልባትም ትጠሉታላችሁ። ይሄ ድንጋይ ወርዋሪ በአንድ ተራ ሁለት እርምጃ ነው የሚሄደው፤ ኮረብታ ወይም ጫካ ከገጠመው አንድ። ከተንቀሳቀሰ በዚያው ተራ መተኮስ አይችልም። የሚመታው ሁለት ሰሌዳ ርቀት ድረስ ነው፤ ግንብ ያለው ከተማም የሚመታው እዚያው ድረስ ነው። ስለዚህ ካታፑልታችሁ ተጎትቶ ተጎትቶ ቦታው ሲደርስ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ቆሞ መደብደብ ነው። ፈረሰኛ ከደረሰበት ደግሞ በቃ፣ አለቀለት።

ብዙ ጀማሪ ሁለት ካታፑልት ሠርቶ ይልካል፣ ሁለቱም ያልቁበታል፣ «አይረባም» ብሎ ይተወዋል። እኔ መተዳደሪያዬ ኮድ መጻፍ ነው፤ አንድ ሕግ ሲያናድደኝ የጻፈው ሰው ምን አስቦ ነው ብሎ መጠየቅ ይቀናኛል። የዚህን ሕግ መልስ ያገኘሁት ታሪክ ውስጥ ነው። የጌሙ ዓለም በብዙ ነገር ከእውነት የራቀ ቢሆንም፣ በከበባ ጉዳይ ግን ከብዙ የጀግንነት ትረካ የበለጠ እውነቱን ይናገራል።

መጀመሪያ አሠራሩን እንይ። ከተማ ለመያዝ ስትነሱ ቀድመው የሚሄዱት እግረኞች ናቸው። እያንዳንዱ እግረኛ አጠገቡ ያሉትን ሰሌዳዎች ይቆጣጠራል፤ በከተማው ዙሪያ ያሉት ሁሉ በቁጥጥር ሥር ሲውሉ ከተማው ማገገም ያቆማል። ካታፑልቱ ከዚህ በኋላ፣ በእግረኞቹ ተከልሎ ይመጣል። ቀስተኛ ግንብ ላይ ቢተኩስ ብዙም አይጎዳውም፤ ካታፑልት ግን ይንደዋል። የዘመኑ ጀኔራል አጠገቡ ካለ አንድ እርምጃ ስለሚጨምርለት ተንቀሳቅሶ በዚያው ተራ መተኮስም ይችላል። ግንቡ ከፈረሰ በኋላም ካታፑልት ከተማ አይገባም። የሚገባው በእጁ የሚዋጋ ወታደር ነው። ባጭሩ የከበባ መሣሪያ ዋጋው ያለው ዙሪያው ባሉት ላይ ነው፦ በመንገዱ፣ በአጃቢው፣ በሚከተለው ሰው።

አሁን ወደ ቁስጥንጥንያ እንሂድ፤ ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1453 ነው። ኦርባን የሚባል የሃንጋሪ መድፍ ሠሪ ሙያውን መጀመሪያ ያቀረበው ለከተማዋ ንጉሥ ለቆስጠንጢኖስ 11ኛ ነበር፤ ንጉሡ የሚከፍሉት ገንዘብ አልነበራቸውም። ስለዚህ ወደ ኦቶማኑ ሱልጣን መሐመድ 2ኛ ሄደ፣ ኤዲርኔ ላይም ግዙፍ መድፍ ሠራላቸው። መድፉን ወደ ቁስጥንጥንያ ለማድረስ በርካታ ጥማድ በሬዎችና በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሳምንታት ፈጀባቸው፤ ከፊት ከፊት መንገድና ድልድይ የሚያስተካክሉ ሠራተኞች ይሄዱ ነበር። ደርሶም በቀን የሚተኩሰው ሰባት ጊዜ ያህል ብቻ ነው። ቀን የፈረሰውን ግንብ ተከላካዮቹ ሌሊት በእንጨትና በአፈር ይደፍኑት ነበር። ከተማ ሲያገግም ማለት ይሄ ነው።

ሱልጣኑ ይሄ ገብቷቸዋል። በሚያዝያ ወር መርከቦቻቸውን በየብስ ላይ አስጎትተው በሰንሰለት ወደተዘጋው ወደብ አስገቡ። ያን ጊዜ ቁጥሩ አነስተኛ የነበረው ተከላካይ በዚያም በኩል ለመጠበቅ ተገደደ፣ ኃይሉ ሳሳ። ከበባው 53 ቀን ቆየ። መጨረሻ ላይ በፈረሰው ግንብ የገባው እግረኛ ነው።

ይሄን ይዘን ወደ ራሳችን እንምጣ። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሴባስቶፖል አምሳያ ቆሟል። እውነተኛው መድፍ እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ ነው። ስሙ የመጣው በክራይሚያ ጦርነት ለወራት ከተከበበችው ከተማ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያሠሩት አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንንና የእጅ ባለሙያዎችን ይዘው ሲሆን፣ ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋል። ስለ ሴባስቶፖል ስናወራ ብዙውን ጊዜ የምናወራው ስለ መሠራቱ ነው። እኔን ግን የሚገርመኝ ጉዞው ነው።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን ለቀው መድፎቻቸውን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተነሡ። የደረሱት በመጋቢት ነው። ወደ ስድስት ወር ማለት ነው! መንገድ አልነበረም፤ ስለዚህ መንገዱ እየተሠራ ነው የተሄደው። ገደል ተቆርጦ፣ ድንጋይ ተፈልጦ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ገመድ ይዞ እየጎተተ። አብረዋቸው የነበሩ አውሮፓውያን እንደጻፉት ንጉሡ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ያነሡ ነበር። ከደብረ ታቦር ደጋ ተነሥቶ በጅጣና በበሽሎ ሸለቆዎች ወርዶ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ያንን አገር ያየ ሰው ያውቀዋል።

ግን በጌሙ ዓይን እንየው። የካታፑልቱ አጃቢ የት አለ? በዚያን ጊዜ አብዛኛው አገር ከእጃቸው ወጥቶ ነበር። ሸዋ ላይ ምኒልክ፣ ላስታ ላይ ዋግሹም ጎበዜ፣ ትግራይ ላይ ካሣ ለየራሳቸው ቆመዋል። በአንድ ወቅት እጅግ ብዙ የነበረው ሠራዊት በመክዳትና በመበታተን ተመናምኗል። ንጉሡ በአገሩ ትልቁን መድፍ ይዘው፣ ዙሪያውን የሚይዝ ሰው አጡ።

በተቃራኒው በኩል የጄኔራል ናፒየር ጦር እየመጣ ነበር። ከቀይ ባሕር ዳርቻ ከዙላ እስከ መቅደላ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እንግሊዞች ዙላ ላይ የመርከብ ማራገፊያና አጭር የባቡር ሐዲድ ሠሩ፤ ከባድ መድፎቻቸውን የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ከህንድ አመጡ፤ ቀላሎቹን መድፎች በበቅሎ ጫኑ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከትግራዩ ካሣ ጋር ተስማምተው በሰላም አለፉ። ጌሙ ውስጥ ይሄ ድንበር ማስከፈት ይባላል፤ ከአሥር ካታፑልት ይበልጣል።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. እሮጌ ላይ ጦሩ ተጋጠመ። ሴባስቶፖል ውጤት አላመጣም። ሚያዝያ 6 መቅደላ ራሱ ሲመታ ግን እንግሊዞቹም አንድ ትምህርት አገኙ፦ መድፋቸው በሩን ሊሰብረው አልቻለም፣ በሩን የሚያፈነዳው ባሩድና መሰላሉ ደግሞ ከኋላ ቀርቶ ነበር። ግድግዳውን ያለፉት ወታደሮች እርስ በርስ ተደጋግፈው ወጥተው ነው። የዐፄ ቴዎድሮስን መጨረሻ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ከ28 ዓመት በኋላ፣ በ1888 ዓ.ም.፣ ተራው የኢትዮጵያ ሠራዊት ከባቢ የመሆን ሆነ። መቀሌ እንዳ ኢየሱስ ላይ ሻለቃ ጋሊያኖ ከ1,000 በላይ ወታደር ይዞ ምሽግ ውስጥ ነበር። የዐፄ ምኒልክ ጦር መድፍ ነበረው፣ ተኮሰም። በጀግንነት ወደ ምሽጉ የሮጠው እግረኛ ብዙ ሰው አጥቶ ተመለሰ። ያኔ ነገሩ ተለወጠ። ምሽጉ የሚጠጣው ውኃ ከግንቡ ውጭ ነበር። ምንጩን የመያዙ ሐሳብ የእቴጌ ጣይቱ እንደሆነ ይነገራል፤ የእሳቸው ሰዎች ሄደው ያዙት፣ ጠበቁትም። በጥር ወር ጋሊያኖ ምሽጉን አስረከበ። ግንቡ እንደቆመ ነው።

የሚገርመው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ዳግማዊ ምኒልክ «ሲቪላይዜሽን 6» ውስጥ የኢትዮጵያ መሪ ሆነው ገብተዋል። የከተማን ውኃ መቁረጥ የሚባል ትእዛዝ ግን ጌሙ ውስጥ የለም። ታሪክ ከሰሌዳው የሚሰፋበት አንዱ ቦታ ይሄ ነው፤ ጣይቱ የተጠቀሙበትን መላ ፕሮግራመሮቹ አልጻፉትም።

ይሄን ሁሉ የማነሣው ሴባስቶፖልን ለማሳነስ አይደለም። እኛ ግን በትልቁ ብረት መደነቅ ስለለመድን ነው። ዛሬም አዲስ ማሽን፣ አዲስ ሲስተም፣ አዲስ ሕንፃ ሲመረቅ እናጨበጭባለን፤ መንገዱን ማን ሠራው፣ አብሮት ማን ቆሟል፣ ሲደርስ ማን ይዞት ይገባል ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ንጉሡ በዚያ ስድስት ወር የሠሩት መንገድ ከመድፉ የሚያንስ ሥራ አልነበረም፤ የጎተቱት ሰዎች ስም ግን የትም አልተጻፈም። በቴዎድሮስ አደባባይ ስታልፉ መድፉን እዩት፤ ከዚያ ደግሞ ገመዱን የያዙትን አስቡ። በሚቀጥለው ጨዋታችሁም ካታፑልቱን ከመግዛታችሁ በፊት እግረኞቹን ቁጠሩ።