የእጅ ፓምፕና ቦኖ፦ ቆራሌ ሳይወስዳቸው ሊመዘገቡ የሚገባቸው ቅርሶች

ፉሪ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ 2,839 ሜትር ከፍታ ባለው የፉሪ ተራራ አካባቢ የሚገኝ የደቡብ ምዕራብ አዲስ አበባ ሰፈር ነው። ክፍለ ከተማው ስሙን የወረሰው በአካባቢው ከነበረው የሬዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያ ነው። ሕዝቡ ያለ ሽቦ መልእክት የሚያስተላልፈውን መሣሪያ «ንፋስ ስልክ» ብሎ ሰየመው፤ ስሙም ከጣቢያው ይልቅ ዕድሜ አገኘ። የድሮ የውሃ መቅጃዎች ግን ከቦታቸው ሲነሡ ብዙውን ጊዜ ታሪካቸውም አብሮ ይጠፋል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የነዋሪው ውሃ ከምንጭ፣ ከወንዝና ከጉድጓድ የሚቀዳ ነበር። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1886 ዓ.ም. ገደማ ከእንጦጦ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ውሃ በቧንቧ አወረደ። በ1930ዎቹ የገፈርሳ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የለገዳዲ ግድብ ተሠራ። ቧንቧው ወደየግቢው እስኪገባ ድረስ ግን ብዙው ሰው የሰፈሩን ቦኖ ወረፋ ይጠብቅ ነበር። እንስራና ጀሪካን የተሰለፉበት ቦኖ ጎረቤት የሚተዋወቅበት፣ ወሬ የሚሰማበትና አንዳንዴም ጠብ የሚነሣበት አደባባይ ነበር።

ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት የሚሠራው ጥንታዊ የእጅ ፓምፕ አሠራሩ ቀላል ነው። እጀታው ሲጫን በውስጡ ያለው ፒስተን ወደ ላይ ይወጣል፤ የአየር ግፊትም የጉድጓዱን ውሃ ተከትሎት እንዲወጣ ያደርጋል። በባሕር ጠለል ላይ ይህ ዘዴ ውሃን ቢበዛ 10 ሜትር ያህል ያነሣል። የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ በሆነበት የአዲስ አበባ ከፍታ ግን ከ8 ሜትር አያልፍም። በመሆኑም ጥልቅ ጉድጓድ ፒስተኑ ከታች ከውሃው አጠገብ የሚቀመጥበት ፓምፕ ያስፈልገዋል። የፈሰሰ ብረት ዝገትን ቢቋቋምም በኃይል ሲመታ ይሰነጠቃል። ለአንድ ቤተሰብ የተሠራው ፓምፕ ለመንደር ሲውል ቶሎ ስለሚሰበር፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከጠንካራ ብረት የተበየደው «ኢንዲያ ማርክ 2» ተተካ። በኢትዮጵያ ገጠር ደግሞ «አፍሪዴቭ» የተባለው ፓምፕ በስፋት ይታወቃል።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የሚመዝነው በሳይንስ፣ በታሪክ፣ በባህልና በኪነ ጥበብ ባለው ዋጋ እንጂ በግዝፈቱ አይደለም። በመሠረት ከመሬት ጋር የተያያዘና ካልፈረሰ በቀር የማይነሣ ቅርስ «የማይንቀሳቀስ» ይባላል። አሮጌ ፓምፕ በዕድሜው ብቻ ቅርስ አይሆንም፤ ሆኖም የአካባቢውን የውሃ ታሪክ የሚመሰክር ከሆነ ሊጠና ይገባዋል።

ችግሩ ጊዜ ነው። መንገድ ሲሰፋና ግቢ ሲፈርስ አገልግሎት ያቆመ ብረት በኪሎ ተመዝኖ ለቆራሌ ይሸጣል። እንደ ፉሪ ባሉ በፍጥነት በሚለወጡ ሰፈሮች ጥቂት ሥራ ብዙ ይታደጋል፦ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ በአካሉ ላይ በጉልህ የታተመውን የፋብሪካ ስም መገልበጥ፣ ቦታውን መለየትና ውሃ ይቀዱበት የነበሩ አረጋውያንን ቃል መመዝገብ። ብረቱ ቢቀልጥ እንኳ የወረፋው ታሪክ ይተርፋል።