የቡሎኑ ነገር

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ቡሎን ነው። ከአውራ ጣት የማይበልጥ፣ መንገድ ላይ ወድቆ ቢገኝ ማንም ጎንበስ ብሎ የማያነሳው ቡሎን። ይህ ቡሎን አንድ ሙሉ ሞተር አፍኖ እንዴት እንደኖረ፣ እኔን ከጋራዥ ጋራዥ እንዴት እንዳንከራተተኝ፣ በመጨረሻም ከማን ኪስ እንደወጣ እነግራችኋለሁ።

መኪናዋ ቶዮታ ላንድክሩዘር ናት። ኤፍጄ60 የሚሏት፣ እ.ኤ.አ. በ1983 የተሠራች፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ቤንዚን በካርቡራተር የምትጠጣ። የገዛኋት ከአንድ ጡረተኛ ነው፤ እሱም ከመንግሥት ጨረታ ነበር ያወጣት። ቆርቆሮዋ ጠንካራ፣ ጉልበቷ ያልደከመ፣ ዳገት የማትፈራ። አንድ አመል ብቻ ነበራት፦ ታንጠባጥባለች። ማታ ከሥሯ ካርቶን አነጥፋለሁ፤ ጠዋት ካርቶኑ ላይ የዘይት ካርታ ተስሎ ይጠብቀኛል። አንድ ቀን ማዳጋስካር፣ አንድ ቀን መላው አፍሪካ።

ጋራዥ ወሰድኳት። የላይኛውን የሞተር ክዳን ጓርኒሲዮን ቀየሩልኝ። ሁለት ሳምንት ደረቀች። በሦስተኛው ሳምንት ዘይቱ ከኋላ፣ ከክራንኩ ጫፍ በኩል መጣ። ካምቢዮ አውርደው የኋላውን የዘይት ማገጃ ጎማ ቀየሩ። ወር ሳይሞላ ያው ካርታ፣ ያው አፍሪካ። በስተመጨረሻ አንዱ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ “ሞተሩ አርጅቷል፤ ይውረድና ይታደስ” አለኝ። ዋጋውን ሲነግረኝ ያረጀሁት እኔ መሰለኝ።

ይሄኔ ነው አጎቴ፣ “እዚያ ጉለሌ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ሳታሳያቸው ሞተር እንዳታስወርድ” ያለኝ።

ሄድኩ። በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ፣ አንድ የግራር ጥላ፣ ከጥላው ሥር ሰማያዊ ቱታ የለበሱ ሸበቶ ሰው። “ዘይት ታፈሳለች ጋሼ” አልኳቸው። ጎንበስ ብለው ከሥሯ ያያሉ ብዬ ስጠብቅ፣ እሳቸው ኮፈኑን አስከፈቱኝ። “አስነሳት” አሉ። አስነሳሁ። የዘይት መሙያውን ክዳን ፈቱት። ከቀዳዳው ነጭ ጭስ ቡፍ፣ ቡፍ፣ ቡፍ አለ፤ ልክ ዳገት ወጥቶ እንደሚያለከልክ ሰው።

“እስቲ መዳፍህን አድርግበት ልጄ።”

አደረግሁ። ሞቃት፣ ቅባታም ትንፋሽ።

“ምን ያደርጋል?”

“ይገፋል ጋሼ።”

“መግፋት አልነበረበትም፤ መሳብ ነበረበት። ዘይቷ አልፈሰሰም፤ ተገፍቶ ነው የሚወጣው” አሉና ሞተሩን አጠፉት።

ከዚያ አስረዱኝ፤ እንደሰማሁት ላስረዳችሁ። ቤንዚኑ ከፒስተኑ በላይ ሲቃጠል ጉልበቱ ሁሉ ወደ ታች ነው። የፒስተን ቀለበቶቹ ያን እሳት እንዲያግዱ ተቀምጠዋል፤ ነገር ግን አዲስም ሞተር ቢሆን ጥቂት ጋዝ በቀለበቶቹ ጎን ሾልኮ ወደ ሞተሩ ሆድ፣ ክራንኩ ወደሚዞርበትና ዘይቱ ወደሚተኛበት ይገባል። በውስጡ ያልተቃጠለ ቤንዚን አለ፣ የውሃ እንፋሎት አለ፣ ብረት የሚበላ አሲድ አለ። እዚያው ታፍኖ ከቀረ ዘይቱን ያበላሸዋል፤ ወተት እንደነካው ቡና ያገረጣዋል፤ ቀስ በቀስም ወደ ዝቃጭ ይለውጠዋል። ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ ይገፋል፤ የደከመውን ጓርኒሲዮን፣ ያረጀውን ማገጃ ጎማ ፈልጎ በዚያ ይወጣል። አንዱን ስትደፍንበት በሌላው ይመጣል።

“ስለዚህ ሞተር መተንፈሻ አለው” አሉ። “በአንድ ቱቦ ንጹሕ አየር ከማጣሪያው ወደ ሆዱ ይገባል። በሌላው ቱቦ ቆሻሻው ጋዝ ከካርቡራተሩ በታች ወዳለው ማኒፎልድ ተስቦ፣ ከቤንዚኑ ጋር ዳግም ተቃጥሎ ያልቃል። በሁለተኛው ቱቦ ላይ አንዲት ትንሽ ቫልቭ አለች፤ በር ጠባቂዋ እሷ ናት።”

እጃቸውን ወደ ማኒፎልዱ ሰደዱ። ዳበሱ። ቆም አሉ። ቫልቯ መኖር በነበረባት ቦታ ቡሎን ገብቶበታል! ከሆዱ የሚመጣው ቱቦ ታጥፎ በሽቦ ታስሯል። ወደ አየር ማጣሪያው የሚሄደው ሌላው ቱቦ ሲፈታ ደግሞ ውስጡ እንደ ሬንጅ በጠቆረ ዝቃጭ ጢም ብሏል። ነገሩ በራልኝ። መውጫው በር በቡሎን ሲዘጋ ሞተሩ ለዓመታት በመግቢያው በር ነበር የተነፈሰው። ያም በራሱ ትፋት ሲደፈን መሸሻው ጓርኒሲዮኑና ማገጃ ጎማው ሆነ።

ሽማግሌው ቡሎኑን ፈቱት። በጨርቅ ጠረጉት። ወደ ብርሃን አዞሩት፤ አገላበጡት፤ ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። ከዚያ ምንም ሳይሉ ኪሳቸው ከተቱት። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

“ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ” ብለው ወደ ሥራቸው ገቡ። በመጀመሪያ ካንዴላዎቹን አውጥተው የስድስቱንም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ለኩ። “ቀለበቱ አልቆ ከሆነ የዓለም ቫልቭ ቢሰበሰብ አያድነውም። ከፍታችን ቁጥሩን ዝቅ ያደርገዋል፤ እኔ የምፈልገው ስድስቱ እንዲቀራረቡ ነው” አሉ። ተቀራረቡ። ሞተሩ አላረጀም ነበር፤ ታፍኖ ነበር።

ሻይ መጣ። በሻዩ መሀል የቫልቯን የዘር ሐረግ አወሩኝ፤ የቀረውን እኔ ኋላ አንብቤ ሞላሁት። በድሮ መኪኖች የሞተሩ ጋዝ የሚወጣው ወደ መንገዱ በተንጠለጠለ ተራ ቱቦ ነበር። መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ ከቱቦው አፍ ጋዙን ይስበዋል። ሲቆም ወይም ሲያዘግም ግን የሚስበው የለም። ወንዝ ሲገባማ ከነጭራሹ ውሃው በዚያው ቱቦ ወደ ዘይቱ ሊወጣ ይችላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዊሊስና ፎርድ በአንድ ላይ ከ600,000 በላይ ጂፕ ሲሠሩ፣ ያች ጂፕ ጭቃና ወንዝ የምታቋርጥ ስለሆነች ቱቦው ወደ መሬት አልተንጠለጠለም፤ ወደ ማኒፎልዱ ተመለሰ፤ ቫልቭም ተደረገበት። ልብ በሉ፤ የጭቃዋ መኪና ይህን መተንፈሻ የያዘችው የከተማዎቹ መኪኖች ሃያ ዓመት ገደማ ሲቀራቸው ነው። ሽማግሌውም ሙያውን የተማሩት በንጉሡ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1953ቱ የወታደራዊ ርዳታ ስምምነት በኋላ በመጡት የአሜሪካ ጂፖች ላይ ነው።

ከተማው የነቃው ሎስ አንጀለስ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1943 ከተማዋን ዓይን የሚያቃጥል ጭጋግ ሲውጣት፣ ሰዉ ጃፓን የመርዝ ጋዝ የለቀቀችበት መስሎት ነበር። ነገሩን የፈታው አሪ ሃገን-ስሚት የሚባል፣ ሆላንድ ተወልዶ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚያስተምር የኬሚስትሪ ሰው ነው። የአናናስን ጠረን ሲያጠና የኖረ አፍንጫ ነው አሉ! በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያልተቃጠለ ቤንዚንና የመኪና ጭስ ከፀሐይ ጋር ሲገናኙ ያን ጭጋግ እንደሚፈጥሩ አሳየ። ከመኪና ከሚወጣው ያልተቃጠለ ነዳጅ አንድ አምስተኛ ገደማው ደግሞ የሚመጣው ከማርሚታው አልነበረም፤ ከሞተሩ ሆድ ነበር። ካሊፎርኒያ ከ1961 ሞዴል ጀምሮ ቫልቯን በአዳዲስ መኪኖች ላይ አስገባች፤ በአሥርት ዓመቱ አጋማሽ መላ አሜሪካ ለመዳት። ለጂፕ ወንዝ መሻገሪያ የተበጀች ቫልቭ ለሰው ሳንባ ሆነች።

ወደ እኛ ነገር እንመለስ። በማግስቱ ቫልቭ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ሻጩ አንድ እፍኝ ያገለገሉ ቫልቮች ዘረገፈልኝ። ሽማግሌው እንደመከሩኝ እያንዳንዷን ከጆሮዬ አስጠግቼ አንቀጫቀጭኩ፤ ቃ ቃ የምትለው በሕይወት አለች፣ ዝም የምትለው ውስጧ ተጣብቋል። ቃ ቃ የምትል ይዤ ተመለስኩ። ገጠመች። ሞተሩ ግን በሚኒሞ ሲቆም እንደ ወባ በሽተኛ ተንቀጠቀጠ።

ሽማግሌው ሳቁ። “ይቺ የትንሽ መኪና ናት። ቫልቭ ሁሉ ቫልቭ አይደለም፤ ስፕሪንጓ ለሞተሯ ነው የሚለካው።”

ሥራዋ እንዲህ ነው፦ በሚኒሞ ጊዜ ማኒፎልዱ በኃይል ስለሚስብ ውስጧ ያለችው ተንሸራታች ብረት ተስባ መንገዱን ታጠባለች፤ ጥቂት ጋዝ ብቻ ያልፋል። መኪናው ሜዳ ላይ ሲሄድ ስበቱ ይላላል፣ ስፕሪንጉ ይገፋታል፣ መንገዱ ይሰፋል። ሞተሩ በካርቡራተሩ በኩል ወደ ኋላ ከተኮሰ ደግሞ ጥርቅም ብላ ትዘጋለች፤ እሳቱ ቱቦውን ይዞ በጋዝ ወደተሞላው ሆድ እንዳይወርድ። “ቫልቯን ትቶ ባዶ ቱቦ የሚቀጥል ሰው ካገኘህ፣ ክብሪት ከቤንዚን ጋር የሚያስቀምጥ ነው በለው” አሉኝ።

በዚያ ላይ የከፍታው ነገር አለ። በባሕር ወለል ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ከ18 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ይስባል። በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ኢንች ገደማ ይጎድላል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለችና ሰባት ስምንት ኢንች ከላይ ተቆርጦ ነው የሚደርሰን። ለቆላ የተለካ ስፕሪንግ እዚህ መንገዱን ጠበብ ማድረግ ሲገባው ክፍቱን ይተወዋል፤ ትርፍ አየር ይገባል፣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል።

ስለዚህ የተሻለችዋን አስመጣን፦ በቡሎን የምትስተካከል፣ የሚኒሞውንና የጉዞውን ፍሰት ለየብቻ የምታስመርጥ። ቨርጂኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ ከሽቶና ከሕፃናት ጫማ ጋር ይዟት መጣ። ቱቦውንም ቀየርን፤ የራዲያተር ውሃ ቱቦ ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ሲሳብም ይጨማደዳል ብለው ዘይት የሚችለውን አስገዙኝ።

ከዚያ ሽማግሌው ያሳዩኝን አልረሳም። ቀጭን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ቱቦ አመጡ፤ ሐኪም ቤት ግሉኮስ የሚንጠለጠልበትን ዓይነት። እንደ ዩ ፊደል አጥፈው በጣውላ ላይ አሰሩት፤ ቀይ ሻይ ጨመሩበት። አንዱን ጫፍ የዘይት መለኪያው ዘንግ ከሚገባበት ቀዳዳ ጋር አጋጠሙት። መጀመሪያ ያንኑ የድሮውን ሁኔታ ሊያሳዩኝ መውጫውንም መግቢያውንም በጣታቸው ዘጉ፤ ሻዩ በሌላው ጫፍ ተስፈንጥሮ መሬት ላይ ተረጨ። እንደገና ሞሉት። አሁን ቫልቯ ገባች፣ ቱቦዎቹ ተከፈቱ። ሻዩ ወደ ሞተሩ አቅጣጫ ቀስ ብሎ ከፍ አለ። በካቻቢቴ ጥቂት አዞሩ፤ ሚኒሞው ረጋ። ጥቂት አዞሩ፤ ሻዩ ሁለት ጣት ያህል ወጥቶ ቆመ።

“በቃ። ከዚህ አብልጦ ከሳበ ዘይቱን ከነጉሙ ወደ ሲሊንደር ይጠጣዋል፣ አቧራም በማገጃው ያስገባል። ለስላሳ ትንፋሽ ነው የሚፈለገው።”

ለፈተና ዓባይ በረሃ አወረድኳት። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል፣ በዝቅተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እየያዘኝ። ወደ ደጀን ስወጣ ነው ፈተናው፤ ዳገት ላይ ነዳጁ ተረግጦ ሲቆይ ማኒፎልዱ መሳብ ያቆማል ማለት ይቻላል፣ ሾልኮ የሚወርደው ጋዝ ደግሞ የሚበዛው ያኔ ነው። ትርፉ በተጠረገው በመግቢያው ቱቦ ወደ አየር ማጣሪያው ይሄዳል። ደጀን ላይ ቆሜ ኮፈኑን ከፈትኩ፤ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈታሁ። ቡፍ የለም። ማታ ካርቶን አነጠፍኩ፤ ጠዋት ካርቶኑ ካርቶን ነበር።

ለማመስገን አንድ ኪሎ ቡና ይዤ ጉለሌ ተመለስኩ። ሽማግሌው ቡናውን ተቀበሉና እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ቡሎኑን አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩት።

“ራሱን እየው” አሉኝ።

ራሱ ላይ ሦስት የሞረድ ጭረት አለ።

“ጥርሱ አልገጥም ብሎኝ በሞረድ ያበጃጀሁት እኔ ነኝ። በ1980 ዓ.ም. ነው፤ መኪናዋ የመንግሥት ነበረች፣ እኔም የመንግሥት መካኒክ። ቫልቯ ተጣብቃ ሞተሩ በሚኒሞ አልቆም አለ። መለዋወጫ የለም። መኪናዋ ደግሞ ለመስክ ሥራ ማለዳ ትፈለጋለች።” ዝም አሉ። ቡናውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት።

“ለአንድ ሳምንት ብዬ ነበር ያስገባሁት።”