ጥፋተኛው መጠጡ ነው ወይስ ባዶው ሆድ? የአልኮልና የጉበት ካንሰር ዕውቀት ታሪክ



ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ብርቱ ጠጪ የነበሩ አንድ አዛውንት ነበሩ። ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ሲሞቱ፣ ለቅሶ የተቀመጡት ጎረቤቶች «የጎዳቸው መጠጡ አይደለም፤ በባዶ ሆድ መጠጣታቸው ነው» አሉ። ከዓመታት በኋላ የሕክምና ታሪክ ሳጠና ይህንኑ አሳብ በታወቁ ሳይንቲስቶች ጽሑፍ ውስጥ አገኘሁት። የዛሬው ጥያቄዬም ከዚህ ይነሣል፤ አልኮል ጉበትን ጎድቶ ለካንሰር እንደሚዳርግ ለማረጋገጥ ይህን ያህል ዘመን ለምን ፈጀ? ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

ነገሩ ቀድሞ ታውቆ ኋላ የተዘነጋ ነው። በ1793 የለንደኑ ሐኪም ማቲው ቤይሊ ሬሳ ሲመረምር የሚያገኛቸው የጉበት ጉብታዎች አብዝተው በሚጠጡ ሰዎች ላይ እንደሚዘወተሩ ጻፈ። በ1819 ፈረንሳዊው ሬኔ ላኔክ ሕመሙን ከጉበቱ ቢጫማ ቀለም ተነሥቶ፣ በግሪክኛ ቃል «ሲሮሲስ» አለው። ላኔክ ጉብታዎቹን እንደ ዕጢ ያለ አዲስ እድገት አድርጎ ቆጥሯቸው ነበር። በዚህ ተሳስቷል፤ ጉብታዎቹ በጠባሳ ተከብበው ራሳቸውን ለመተካት የሚታገሉ የጉበት ሕዋሳት ናቸው። ሆኖም ስሕተቱ ከእውነት ብዙም አልራቀም። ሲሮሲስ ካንሰር ባይሆንም፣ በአልኮል ሳቢያ የሚመጣው የጉበት ካንሰር በአብዛኛው የሚበቅለው በእርሱ ላይ ነው።

በሃያኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ዕውቀቱ ወደ ኋላ ተመለሰ። በአሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 በሕግ ተከልክሎ የነበረው መጠጥ ሲፈቀድ፣ አልኮልን መክሰስ የሰባኪ እንጂ የሳይንቲስት ሥራ አልመስል አለ። ዘመኑ ደግሞ የሥነ ምግብ ሳይንስ የገነነበት ነበር። ኮሊን የተባለው ንጥረ ነገር የጎደለበት ምግብ የተሰጣቸው አይጦች ጉበታቸው በስብ ይሞላ፣ ኋላም ይጠባሰስ ነበር። በ1949 ኢንሱሊንን ካገኙት ተመራማሪዎች አንዱ የሆነው ቻርልስ ቤስት ከባልደረቦቹ ጋር፣ ንጹሕ አልኮል የጉበትን ሕዋስ ከስኳር በተለየ እንደሚመርዝ የሚያሳይ ማስረጃ የለም ሲል ጻፈ። የጎረቤቶቼ ፍርድ በቤተ ሙከራ ቋንቋ ተነገረ ማለት ነው።

አሳቡ የቆየው ግማሽ እውነት ስለነበረ ነው። ሐኪሞች የሚያዩአቸው ጠጪዎች በእርግጥም የከሱ ነበሩ። ከዚያም በላይ አሳቡ ሁሉንም ያጽናና ነበር፤ ጠጪው መጠጡን ሳይተው ሰሐን ምግብ ቢጨምር ይድናልና።

ነገር ግን ተቃራኒው ማስረጃ በዓይን ፊት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በፓሪስ ወይን በራሽን ሲታደል፣ በሲሮሲስ የሚሞተው ሰው ቁጥር እጅግ ቀነሰ። በእነዚያው ዓመታት ግን የከተማው ሕዝብ ምግብም አጥሮት ነበር። ጥፋተኛው ረኃብ ቢሆን ኖሮ ሞቱ ሊጨምር በተገባው ነበር።

በ1974 የቤልጅግ ተወላጁ ቻርልስ ሊበርና ባልደረቦቹ በኒው ዮርክ፣ በቂ ፕሮቲንና ቪታሚን ላገኙ ዝንጀሮዎች ግማሹን የምግብ ኃይል ከአልኮል ሰጧቸው። ጥቂቶቹ ሲሮሲስ ያዛቸው። ይህን ውጤት በኋላ ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ደግመው ለማግኘት ተቸግረዋል፤ ስለዚህ ክርክሩን ዝንጀሮዎቹ ብቻ ዘጉት አልልም። የጀርመኑ ሐኪም ሌልባህ በጠጪዎች ላይ ያደረገው ጥናትም ጉዳቱ ከመጠጡ መጠንና ከዓመታቱ ብዛት ጋር አብሮ እንደሚያድግ አሳይቷል።

በ1988 መቀመጫው ሊዮን የሆነው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት የአልኮል መጠጦችን፣ የጉበት ካንሰርን ጨምሮ፣ ካንሰር አምጪ ከሆኑት አንደኛ ምድብ ውስጥ አስገባ። የአሠራሩም መንገድ ቀስ በቀስ ተብራራ። ጉበት አልኮልን ሲያፈርስ የሚፈጠረው አሲታልዲሃይድ የሕዋሳትን ዲኤንኤ ይጎዳል፤ የቆሰለው ጉበት ደግሞ የሞተውን ለመተካት ደጋግሞ ሕዋስ ያባዛል። ሕዋሱ ዲኤንኤው እየተጎዳ በተባዛ ቁጥር ስሕተቱም ይከማቻል። ከስሕተቶቹ አንዱ መቆሚያ ሲያጣ ካንሰር ይሆናል። ምግብ አልኮል ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገያል፤ ጉበት የሚጠብቀውን ሥራ ግን አያስቀርለትም።

በአፍሪካ፣ በአገራችንም ጭምር፣ የጉበት ካንሰር ሲነሣ ቀድሞ የሚጠቀሰው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ነው፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን «ምክንያቱ ቫይረሱ ነው» ብሎ መጠጡን ነፃ ማውጣት የ1949ኙን ስሕተት በአዲስ ስም መድገም ይሆናል። ሁለቱ በአንድ ጉበት ላይ ሲገናኙ አደጋው ይብሳልና።

ጎረቤቶቼን አልወቅስም፤ በዘመናቸው ታላላቅ ሊቃውንትም እንደ እነርሱ አስበዋል። እናንተ ግን ነገ በሕሙማን ፊት ስትቆሙ፣ ሁሉን የሚያስደስት ምክንያት ስትሰሙ ሁለት ጊዜ መርምሩት።