ከዐውድማ እስከ መዝገብ፤ የይፋት ዐሥራትና የመንግሥት ሒሳብ ምርመራ

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ብሂል የአገራችንን የሒሳብ ታሪክ ለመረዳት ይጠቅመናል። ሹመት ራሱ እንደ ደመወዝ በሚቈጠርበት ዘመን የመንግሥትን ገንዘብ ከሹሙ ገንዘብ መለየት አስቸጋሪ ነበር። በዚህ አጭር ጽሑፍ ማጀቴንና ሸዋ ሮቢትን የሚያቅፈውን የይፋትን ቆላ እንደ ምሳሌ ይዘን፣ የሒሳብ መርማሪ ዐይን እስከ የት ሊደርስ እንደ ቻለ እንመለከታለን።

ይፋት ለሸዋ ነገሥታት የገቢ በር ነበር። ከባሕር ጠረፍና ከሐረር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ በዓሊዩ አምባ ቀረጥ ይከፍል ነበር። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴም በ1834 ዓ.ም. ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከሐሪስ ጋር ሲዋዋሉ፣ የእንግሊዝ ሸቀጥ ከመቶ 5 ብቻ እንዲከፍል ተስማሙ። ጭነት ይቈጠራል፤ ስለዚህ የቀረጥን ሒሳብ መመርመር ይቻላል።

የዐሥራት ነገር ግን ሌላ ነው። ከክፉ ቀን ወዲህ ዳግማዊ ምኒልክ ወታደሩ በገበሬው ቤት መሰሪቱ እንዲቀርና በምትኩ ዐሥራት እንዲከፈል ባዘዙ ጊዜ፣ ዐሳቡ ገበሬውን ለማሳረፍ ነበር። ነገር ግን ገማቹ አዝመራውን በዐይኑ ይገምታል፤ እህሉ የሚሰፈረው ጎተራ ሲገባ ነው። እንግዲህ መዝገቡና ጎተራው ልክ ለልክ ቢስማሙም፣ ገበሬው ከዐሥር ሁለት ተወስዶበት ሊሆን ይችላል። ይህን በደል የትኛውም መዝገብ አያሳይም።

በ1936 ዓ.ም. የኦዲት ኮሚሽን ሲቋቋም፣ በዚያው ጊዜ ገደማ የወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅ ዐሥራቱን በገንዘብ ተመነ፤ መሬቱም ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ ተከፈለ። ቢሆንም «ይህ ለም ነው» የሚለው ቃል ያው ግምት ነበር። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ዋና ኦዲተር እንዲኖር ደነገገ፤ የ1953ቱም ዐዋጅ ሥልጣኑን ዘረዘረ። ዐሥራት በሕግ የቀረው በ1960 ዓ.ም. ነው።

ልምድ ያለው ኦዲተር በሞዴል 19 ገቢ የሆነውን በሞዴል 22 ወጪ ከሆነው ጋር ካመሳከረ በኋላ፣ ወደ ግምጃ ቤቱ ገብቶ ቀሪውን ራሱ ይቈጥራል። ወረቀት ከወረቀት መስማማቱ ብቻ አያረካውም። ከይፋት ታሪክ የምንማረው ግን ይህም እንደማይበቃ ነው፤ ምርመራው ክፍያው ወደ ተወሰነበት ወደ ዐውድማው መውረድ አለበት። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 101 መሠረት ዋናው ኦዲተር ሪፖርቱን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባል። ምክር ቤቱ «ገንዘቡ የት ገባ?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «ከማን፣ በምን ልክ ተወሰደ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የማጀቴ ገበሬ ጥያቄ ገና መልስ አገኘ እንላለን።