የመጠናዊ ሥነ ልቦና ትምህርትን ወጪ ማን ሸፈነው?

መጠናዊ ሥነ ልቦና፣ ማለትም የሰው ችሎታና ዝንባሌ የሚለካበትን ዘዴ የሚቀምረውና የተገኘውን ውጤት በስታቲስቲክስ የሚተነትነው ዘርፍ፣ በአሜሪካ ራሱን የቻለ የትምህርት መስክ ከመሆኑ በፊት ሰፊ ሥራ ያገኘው በጦር ሠራዊቱ ውስጥ ነበር። አገሪቱ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ፣ በሮበርት የርክስ የሚመራ ቡድን ማንበብ ለሚችሉ ምልምሎች አልፋ፣ ለማይችሉት ደግሞ ቤታ የተባሉ የጅምላ ፈተናዎችን አዘጋጅቶ 1.7 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ፈተነ። ሠራዊቱ በውጤቱ እምብዛም ባይጠቀምበትም፣ ትምህርት ቤቶችና ቀጣሪዎች ግን ከጦርነቱ በኋላ የፈተና ደንበኞች ሆኑ።

ሙያውን ከመሠረቱት መካከል ዋነኛው ሉዊስ ሊዮን ተርስተን ሲሆን፣ እርሱም በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና ተምሮ፣ ለአጭር ጊዜም በቶማስ ኤዲሰን ቤተ ሙከራ ሠርቶ፣ ያን መንገድ በመተው በ1917 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በሥነ ልቦና የዶክትሬት ዲግሪ አገኘ። በ1935 የሳይኮሜትሪክስ ማኅበር፣ በዓመቱም ሳይኮሜትሪካ የተባለው መጽሔት ሲመሠረቱ ቀዳሚ ሚና የነበረው ይኸው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው የምህንድስና ሥራውን ትቶ ሲማር ግን ምን ያስከፍለዋል? ኢኮኖሚስቱ ጌሪ ቤከር በ1964 ባሳተመው መጽሐፉ አበክሮ እንዳስረዳው፣ የትምህርት ዋጋ ለትምህርት ቤት የሚከፈለው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ተማሪው በዚያው ጊዜ ሠርቶ ሊያገኝ ይችል የነበረው ገቢም ነው። በሒሳብ ለሠለጠነ ሰው ይህ ሁለተኛው ወጪ ከመጀመሪያው ሊበልጥ ይችላል፤ ዲግሪው ያዋጣል አያዋጣም የሚለው ክርክር ግን አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ላይ ብቻ ማተኮሩ የሚያስገርም ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወጪውን የሚጋራ ወገን ተገኘ። ክሊኒካዊ ሥነ ልቦና ከ1946 ጀምሮ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ አስተዳደር በሚከፍለው የሥልጠና ገንዘብ ሲስፋፋ፣ የመጠናዊው ዘርፍ አለኝታ የሆነው ደግሞ በ1947 ሦስት ተቋማት የፈተና ሥራቸውን አዋሕደው በፕሪንስተን ከተማ ያቋቋሙት ኢቲኤስ የተባለው የፈተና ድርጅት ነበር። ድርጅቱ ሃሮልድ ጉሊክሰን በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምራቸውን ተማሪዎች በገንዘብ ይደግፍ ስለነበር፣ ተማሪው ገና ሳይመረቅ ቀጣሪውን ያውቅ ነበር ማለት ይቻላል። በፈተና ንድፈ ሐሳብ ስሙ የገነነው ፍሬድሪክ ሎርድም የዶክትሬት ጥናቱን ያጠናቀቀው በኢቲኤስ እየሠራ ነው። በ1958 የወጣው የብሔራዊ መከላከያ ትምህርት ሕግ ደግሞ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የመንግሥት ድጎማን ጨመረ።

በ1990 ሊዮና አይከንና ባልደረቦቿ በሰሜን አሜሪካ የዶክትሬት ፕሮግራሞች ላይ ያካሄዱት ጥናት የልኬትና የስታቲስቲክስ ሥልጠና ወደኋላ መቅረቱን ሲያሳይ፣ የባለሙያ እጥረት ለተመራቂው የመደራደር አቅም መስጠቱ አልቀረም። ይሁን እንጂ የድጋፉ ባህል ለሁሉም እኩል አልደረሰም፤ የዶክትሬት ተማሪ በማስተማር ወይም በምርምር ረዳትነት እየሠራ ብዙውን ጊዜ ከትምህርት ክፍያ ነፃ ሲሆንና መጠነኛ ድጎማ ሲያገኝ የሚከፍለው ዋጋ የሚያጣው የዓመታት ገቢ ሲሆን፣ የማስተርስ ተማሪ ግን ጊዜው አጭር ቢሆንም ክፍያውን በአብዛኛው ከኪሱ ወይም በብድር ይሸፍናል። በ2006 የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች እስከ ሙሉ የትምህርት ወጪያቸው ድረስ ከፌዴራል መንግሥት እንዲበደሩ ሲፈቀድ፣ ቀድሞ በድርጅቶችና በመንግሥት ትከሻ ላይ የነበረው ሒሳብ በማስተርስ ተማሪው የወደፊት ደመወዝ ላይ አረፈ።