የማጨትና የሠርግ ሥርዓት በአገራችን ታሪክ፤ ቃሉን የሚሰጠው ማን ነበር?

(ከ12ኛ ክፍል ተማሪ)

ሠርግ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ዳሱን፣ ዘፈኑን፣ ጠጁንና የሙሽሪትን ልብስ ነው። ነገር ግን ሠርግ የአንድ ረጅም ጉዳይ መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ አይደለም። ከሠርጉ በፊት ዘር መቁጠር አለ፤ ሽማግሌ መላክ አለ፤ ቀጠሮ መስጠት፣ ዋስ መጥራት፣ ስለ ማጫና ስለ ጥሎሽ መነጋገር አለ። ይህ ሁሉ ተጠቃሎ ማጨት ይባላል። በዚህ አጭር ጽሑፍ በተለይ በአማራው ደጋ አገርና በአዲስ አበባ የማጨት ሥርዓት ከዘመን ወደ ዘመን እንዴት እንደ ተለወጠ ለክቡራን አንባብያን ለማስረዳት እሞክራለሁ። የምጠይቀውም ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «እሺ» የሚለውን ቃል የሚሰጠው ማን ነበር? ዛሬስ ማን ነው? የሚል ነው።

የጥንቱ ሥርዓት

በጥንቱ ልማድ አንድ አባት ልጁን ለመዳር ሲያስብ አስቀድሞ የሚያደርገው የሌላውን ወገን ዘር መጠየቅ ነበር። እስከ ሰባት ቤት ድረስ የሚዛመድ ሰው አይጋባም ስለሚባል፣ የሁለቱም ወገን አዋቂዎች አያትንና ቅድመ አያትን በስም እየጠሩ ይቆጥሩ ነበር። ከዚያም የቤተሰቡ ጠባይ፣ ሀብቱና ከጎረቤት ጋር ያለው አኗኗር ይመረመራል። ምርመራው መልካም ሆኖ ሲገኝ፣ የተከበሩ ሽማግሌዎች ተመርጠው ወደ ልጂቱ አባት ቤት ይላካሉ።

ሽማግሌዎቹ የመጡበትን ጉዳይ እስኪናገሩ ድረስ ቁጭ በሉ ቢባሉም ቶሎ አይቀመጡም። ልጃችሁን ለልጃችን ብለው በትሕትና ይለምናሉ። የልጂቱ አባት በልቡ ደስ ቢለውም እንኳ በዚያው ቀን እሺ አይልም፤ ከዘመድ ልማከር ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። ፈጥኖ እሺ ያለ አባት ልጁን እንዳቀለለ ይቆጠር ነበርና ነው። ሽማግሌዎቹም ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላልሰው ፈቃዱን ያገኛሉ። ይህ መመላለስ ለይስሙላ ብቻ አልነበረም፤ ሁለቱ ወገኖች አንዱ የሌላውን ነገር ለማጣራት ጊዜ ያገኙበት ነበር።

ከዚህ በኋላ ስለ ንብረት ይነጋገራሉ። ለአዲሱ ጎጆ መቋቋሚያ የሚሆነው ከብትና ገንዘብ ማጫ ሲባል፣ በብዙ ስፍራ ሁለቱም ወገኖች ተመጣጣኝ አድርገው ያዋጡት ነበር። ለሙሽሪት የሚመጣው ልብስና ጌጥ ደግሞ ጥሎሽ ነው። ጥሎሹ በልጂቱ ዘመዶች ፊት አንድ በአንድ እየተነሣ ይታያል፤ ያነሰ የመሰለው ዘመድም ሳያፍር ይናገራል።

ጋብቻውም በዓይነቱ ይለያይ ነበር። በቤተ ክርስቲያን በቁርባን የሚፈጸመው የማይፈርስ በመሆኑ፣ ብዙ ጊዜ የካህናትና በዕድሜ የገፉ ሰዎች ጋብቻ ነበር። ሰማንያ የሚባለው በሽማግሌዎችና በዋስ ፊት፣ በንጉሡ ስም እየተማለ የሚደረግ ውል ነው። የሰማንያ ሚስት የንብረቱ ተካፋይ ስለ ሆነች፣ ፍች ቢመጣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ያካፍሏታል። ከዚህም ሌላ በተወሰነ ክፍያ የሚደረግ የደመወዝ ጋብቻ ነበር።

በጽሑፍ የነበረው ሕግ ፍትሐ ነገሥት ነው። ይህ መጽሐፍ በ13ኛው መቶ ዘመን በግብፅ አገር ኢብን አል-አሳል በተባለ የቅብጥ ሊቅ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ በኋላ ወደ ግእዝ የተተረጐመ ሲሆን፣ ስለ ማጨትና ስለ ጋብቻ የሚናገር ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው። ነገር ግን በገጠሩ ቤት በየዕለቱ የሚሠራበት ሽማግሌዎቹ በቃል የሚያውቁት ልማድ ነበር።

ወላጆች ስለምን ቸኰሉ?

እንግዲህ በዚህ ሁሉ መመላለስ ውስጥ የታጨችው ልጅ ስትጠየቅ አናይም። ብዙ ጊዜ ልጁም አይጠየቅም ነበር። አንዳንድ ጊዜ ልጂቱ እጅግ ሕፃን ስለ ሆነች፣ እስክትደርስ ድረስ በአማቷ ቤት እንደ ልጅ ታድጋለች የሚል ቃል ይሰጥ ነበር፤ ቃሉ ግን ሁልጊዜ አይጠበቅም ነበር።

ይህ የሆነው ወላጆች ልጆቻቸውን ስለ ጠሉ አይደለም። አንዱ ዋና ምክንያት ርስት ነው። በአማራው አገር ሰው ርስት የሚጠይቀው በአባቱም በእናቱም ወገን ነበር። ስለዚህ የልጅ ጋብቻ ማለት ነገ ለሚወለዱት የልጅ ልጆች የሁለት ወገን መሬት በር መክፈት ነው። በነገር ጊዜ የሚቆም ምስክር፣ በጠብ ጊዜ የሚደርስ ዘመድም የሚገኘው በጋብቻ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ፍርሃት ነው። ልጂቱ ከጊዜዋ በፊት ስሟ ይጠፋል ወይም በጠለፋ ትወሰዳለች ብለው ስለሚሰጉ፣ አባትና እናት በሕይወት ሳሉ ድረው ማየትን ይመርጡ ነበር።

በነገሥታቱ ቤት

ይኸው አሳብ በቤተ መንግሥት ሲታይ ደግሞ ይበልጥ ይጐላል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ከመንገሣቸው በፊት፣ ደጃች ካሣ ይባሉ በነበረበት ጊዜ፣ የየጁው ራስ ዓሊ ልጅ ተዋበች ተዳረችላቸው። የጋብቻው አሳብ ኀይለኛውን ካሣን በዝምድና ገመድ ለማሰር ነበር። ነገር ግን ወይዘሮ ተዋበች ለባላቸው ታማኝ ሆነው ተገኙ፤ ካሣም በመጨረሻ ራስ ዓሊን ድል ነሡ። የታሰበው ገመድ ያሰረው ሌላ ወገን ሆነ።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የንግሥት ዘውዲቱ ታሪክ ነው። ዘውዲቱ በ1868 ዓ.ም. የተወለዱ የምኒልክ ልጅ ናቸው። በዐፄ ዮሐንስ 4ኛና በሸዋው ንጉሥ በምኒልክ መካከል የተደረገውን ስምምነት ለማጽናት፣ ገና በሕፃንነታቸው ለዐፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ተዳሩ። ራስ አርአያ ሥላሴም በ1880 ዓ.ም. ሞቱ። በዚያን ጊዜ የዘውዲቱ ዕድሜ 12 ዓመት ነበር። በኋላ በ1909 ዓ.ም. ንግሥተ ነገሥታት ለመባል የበቁት ሴት፣ ዛሬ አንዲት ተማሪ የአንደኛ ደረጃ ትምህርቷን ገና በማትጨርስበት ዕድሜ ባል የሞተባት ሴት ሆነው ነበር ማለት ነው። ያ ጋብቻ የሁለት መንግሥታት ውል ነበር፤ ውሉ የተጻፈበት ብራና ግን ሕፃን ልጅ ነበረች።

በአንጻሩ ምኒልክና ጣይቱ ብጡል በ1875 ዓ.ም. በቁርባን ሲጋቡ ሁለቱም ዐዋቂዎች ነበሩ። ይህም ጋብቻ ሸዋን ከሰሜኑ ታላላቅ ቤተሰቦች ጋር ያገናኘ ስለ ሆነ ከፖለቲካ ውጭ አይደለም። ነገር ግን እቴጌ ጣይቱ በመንግሥቱ ሥራ ምን ያህል አማካሪ እንደ ነበሩ ታሪክ ይመሰክራል። ምክር የሚገኘው ከደረሰ ሰው ነው።

የሠርግ ዝግጅት

ከታጨ በኋላ የሠርጉ ቀን የሚቈረጠው በቀን መቍጠሪያና በጎተራ ነው። በዐቢይ ጾም ሠርግ አይደረግም፤ በክረምትም እንግዳ መንገድ አያገኝም፤ እህልም ይጐድላል። ስለዚህ ሁለት ወራት የሠርግ ወራት ሆኑ። አንደኛው መከሩ ከገባና ጥምቀት ካለፈ በኋላ ያለው ጥር ነው፤ ሁለተኛው ከፋሲካ በኋላ የሚመጣው ጊዜ ነው።

ዝግጅቱ ከዚያ አስቀድሞ ይጀመራል። ብቅሉ ይበቅላል፤ ጌሾው ይወቀጣል፤ ለጠጁ ማር ይገዛል፤ በርበሬው ተቀንጥሶ ይደለዛል፤ ቅቤው ይነጠራል፤ ሰንጋው ይቀለባል። ጎረምሶች እንጨትና ቅጠል አምጥተው ዳስ ይጥላሉ፤ ሴቶችም ተሰብስበው እንጀራ ይጋግራሉ። ጎረቤት ያለውን ይዞ ይመጣል፤ ነገ የእርሱ ተራ ነውና። ሙሽራው ሚዜዎቹን አስከትሎ ሲደርስ የሙሽሪት ወገኖች በዘፈን በር ይዘጋሉ፤ ከብዙ ልመናና ጨዋታም በኋላ ይከፈታል። ከሠርጉም በኋላ መልስና ቅልቅል አለ። በቅልቅሉ ሁለቱ ወገኖች አንድ ማዕድ ከበው ይተዋወቃሉ። ሚዜውም ለሙሽሪት ወንድም ይሆናታል፤ በትዳሯ ችግር ቢገጥማት አስቀድማ የምትነግረው ለእርሱ ነው።

ሕጉ እንዴት ተለወጠ?

ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ጸና። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ይህ ሕግ ማጨትን የተመለከተው እንደ ሁለት ቤተሰቦች ውል ነው። ያለ ምክንያት ውሉን ያፈረሰ ወገንም ሌላው ያወጣውን ወጪ እንዲከፍል አዘዘ። በዚህ ረገድ የሽማግሌዎቹን ልማድ ወደ ሕግ መጽሐፍ አገባው ማለት ይቻላል። ነገር ግን አንድ ትልቅ ነገር ጨመረ፤ ጋብቻ የተጋቢዎቹ የራሳቸው ፈቃድ ያለበት እንዲሆን ደነገገ። ዕድሜውንም ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት አደረገው። በማዘጋጃ ቤት፣ በሃይማኖትና በልማድ የሚደረጉትንም ጋብቻዎች ሦስቱንም ተቀበለ።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ሲታወጅ፣ ልጅን በልጅነት ለማጋባት ምክንያት ከነበሩት አንዱ የሆነው ርስት ቀረ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ34ኛው አንቀጽ ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ብቻ የሚመሠረት መሆኑን ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም የጋብቻን ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት አደረገ፤ የመተጫጨትንም ውል ከመጽሐፉ አወጣው። ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አወጡ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ደግሞ፣ ዕድሜዋ 13 ዓመት ያልሞላትን ልጅ ያገባ እስከ 7 ዓመት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለችውን ያገባ እስከ 3 ዓመት እንዲታሰር ያዛል።

ሕግ ግን ብቻውን ልማድን አያሸንፍም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ዓመት ከሆነ ሴቶች መካከል ግማሾቹ ከ17 ዓመት ከጥቂት ወር በፊት አግብተው ተገኝተዋል። ጉዳቱም በመጽሐፍ ብቻ የሚነበብ አይደለም። በ1951 ዓ.ም. አዲስ አበባ የመጡት ሐኪሞች ዶክተር ካትሪንና ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን ዕድሜያቸውን የሠዉት፣ በወሊድ ጊዜ ምጥ ጸንቶባቸው በፊስቱላ የተጐዱትን ሴቶች ለማከም ነው። ከእነዚህም ሴቶች ብዙዎቹ ሰውነታቸው ሳይጠና የተዳሩ ነበሩ። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት በ1924 ዓ.ም. ለሴቶች ልጆች ከተከፈተ ወዲህ የሴቶች ትምህርት ብዙ ቢስፋፋም፣ በገጠር የጥር ሠርግ ሲያልፍ የአንዳንዷ ልጅ ወንበር ባዶ መቅረቱ ገና ፈጽሞ አልቆመም።

ምኑን እንያዝ፣ ምኑን እንተው?

ዛሬ በከተማ ብዙውን ጊዜ ሁለቱ ወጣቶች ተዋውቀውና ተስማምተው ነው ሽማግሌ የሚላከው። ቀለበት ይታሰራል፤ አዳራሽ ይከራያል፤ ቬሎና ሱፍ ይለበሳል። አንዳንዶች ሽማግሌ መላክ እንግዲህ ምን ያደርጋል ይላሉ። በእኔ አስተያየት ግን ሽማግሌው ሥራው ተለወጠ እንጂ አልቀረም። ቀድሞ ስለ ልጆቹ ይናገር ነበር፤ አሁን ስለ ልጆቹ ይመሰክራል። ጠብ በመጣ ጊዜ የሚያስታርቀውም እርሱ ነው።

ከጥንቱ ሥርዓት መያዝ የሚገባን ትዕግሥቱን፣ ማጣራቱንና ሁለቱም ወገኖች ለጎጆ መውጫ ማዋጣታቸውን ነው። መተው የሚገባን ልጂቱን ሳይጠይቁ መስጠትንና ከዐቅም በላይ መደገስን ነው። የጥንቱ ድግስ ከጎተራና ከጎረቤት ይወጣ ነበር፤ የአሁኑ ብዙ ጊዜ ከብድር ይወጣል። አዲስ ጎጆ በዕዳ ሲጀመር ማጫው ተገልብጦ ዕዳ ሆነ ማለት ነው።

ውድ ወላጆች ሆይ! ሴት ልጅ ትምህርቷን ብትጨርስ የሚዘገየው ሠርጉ ነው እንጂ ክብሯ አይደለም። መምህራኖቻችንም ከጥር በኋላ ባዶ የቀረ ወንበር ሲያዩ ለምን ብለው ቢጠይቁ፣ አንዲት ልጅ ልትድን ትችላለች። እኛ ተማሪዎችም ጊዜው ሲደርስ ሽማግሌ ስንልክ ወይም ሲላክብን፣ ይህን ታሪክ እናስታውስ። አባቶቻችን ሁሉን ነገር በሚገባ ጠይቀው ነበር፤ ዘሩን፣ ከብቱን፣ መሬቱን። ያልጠየቁት አንድ ነገር ቢኖር የልጃቸውን አሳብ ነው። የእኛ ትውልድ ከእነርሱ የጐደለውን ይህን አንዱን ጥያቄ ቢጨምር፣ የቀረው ሥርዓት ሳይጠፋ ትዳሩ ይጸናል።