ዘር ከልጓም ይስባል፦ ሊዮነል ባሪሞርና የረዳት ተዋናይ ሙያ

ስለ ቲያትር በተነሣ ቁጥር ቀድሞ የሚወሳው የዋናው ተዋናይ ስም ነው። በማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው የሱ ስም ነው፤ መጋረጃው ሊዘጋ ሲል የሚጨበጨበውም ለሱ ነው። ከጎኑ ቆሞ ነገር የሚያቀብለው፣ የሚቆጣውን የሚያስቆጣው፣ የሚያለቅሰውን የሚያስለቅሰው ሰው ግን እምብዛም አይነሣም። «ያ ሽማግሌ ሆኖ የሠራው ማን ነበር?» ይባልና መልሱ ሳይሰማ ወደ ቤት ይኬዳል። እኛም ተማሪዎቹ ከዚህ ነፃ አይደለንም። ተውኔት ሊዘጋጅ ነው ሲባል ንጉሡን ልሁን የሚል እንጂ የንጉሡን በረኛ ልሁን ብሎ የሚሽቀዳደም አይገኝም።

በዚህች አጭር ጽሑፍ ይህንን ጉዳይ በአንድ ሰው ሕይወት አስደግፈን ለማየት እንሞክራለን። ሰውየው አሜሪካዊው ሊዮነል ባሪሞር ነው። እሱን የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ በእናቱም በአባቱም ከተዋናዮች ቤት የተወለደ ስለሆነ ሙያ በዘር ሲተላለፍ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚነሣ ያሳየናል። ሁለተኛ፣ ታናሽ ወንድሙ በዋና ተዋናይነት ሲነግሥ እሱ አብዛኛውን ዕድሜውን ከዋናው ጎን ቆሞ ያሳለፈ፣ ሥራው ግን ከብዙ ዋኖች ሥራ ይበልጥ የሰነበተለት ሰው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የአያት ቤት

ሊዮነል በ1878 በፊላደልፊያ ከተማ ተወለደ። የቤቱ ምሰሶ አያቱ ሉዊዛ ሌን ድሩ ነበሩ። እኚህ ሴት በ1820 ለንደን ውስጥ ተወልደው፣ በ1827 ገና በልጅነታቸው ወደ አሜሪካ ተሻግረው መድረክ ላይ ያደጉ ናቸው። ከ1861 እስከ 1892 ድረስ በፊላደልፊያ የሚገኘውን አርች ስትሪት ቲያትር አስተዳድረዋል። በአገሩ ሴት የመምረጥ መብት እንኳ ባልነበራት ዘመን ሠላሳ አንድ ዓመት ያህል ተዋናይ መቅጠር፣ ደመወዝ መክፈል፣ ተውኔት መምረጥ፣ በዚያ ላይ ራስ ወጥቶ መጫወት እንዲያው ቀላል ነገር አይደለም። ልጃቸው ጆን ድሩም በዘመኑ የታወቀ ዋና ተዋናይ ነበር።

የሊዮነል አባት ሞሪስ ባሪሞር የእንግሊዝ ቤተሰብ ልጅ ሲሆን የተወለደው በህንድ አገር ነው። ትክክለኛ ስሙ ኸርበርት ብላይዝ ነበር። በወጣትነቱ ቡጢ ይጫወት ነበር። ቲያትር ሲገባ ግን ተዋናይነት በጨዋ ቤተሰብ ዘንድ እንደ ውርደት ይቆጠር ስለነበር ስሙን ለወጠ። ነገሩ እንዴት ይገርማል! የቤተሰብን ስም ላለማጉደፍ የተወሰደው ያ ስም ከአንድ ትውልድ በኋላ የአሜሪካ ቲያትር የመኳንንት ስም ሆኖ አረፈው።

እናቲቱ ጆርጂያና ድሩ ሰው በማሳቅ የታወቀች ተዋናይት ነበረች። በ1893 በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። በዚያን ጊዜ ሊዮነል የ15 ዓመት፣ እኅቱ ኤቴል የ13፣ ታናሹ ጆን የ11 ዓመት ልጆች ነበሩ። አባትየው ደግሞ በ1901 አእምሮው ታውኮ በ1905 ሞተ። ስለዚህ እነዚህን ልጆች ወደ መድረክ የገፋቸው የጥበብ ጥሪ ብቻ ነው ብሎ መጻፍ ነገሩን ማሳመር ይሆናል። እንጀራም ነበረበት። ቤቱ የሚያውቀው ሙያ አንድ ነበርና የሚበላውም ከዚያው ነው።

የሊዮነል የመጀመሪያ ሙከራ ራሱ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው። አያቱ በሼሪዳን «ዘ ራይቫልስ» ተውኔት ሲጫወቱ ለልጁ የሠረገላ ነጂውን ትንሽ ሚና ሰጡት። ልጁ አልቻለበትም። አያቱ ታዲያ ፊት ለፊት ከመውቀስ ይልቅ ደብዳቤ ጻፉለት፤ ደራሲው ሚናውን ያሰበው በዕድሜ ለገፋ ሰው ነውና ይቅርታ አድርግልን የሚል ነበር። በጨዋ ቋንቋ ከሥራ መባረር ማለት ይህ ነው! የዚያ ታላቅ ቤት ልጅ በሠረገላ ነጂ ሚና ጀምሮ እሱንም ተነጠቀ። በዘር ስም ብቻ መድረክ ላይ መቆም እንደማይቻል በ15 ዓመቱ ያወቀ ይመስለናል።

ሽሽት

ሊዮነል ከልቡ መሆን የፈለገው ሠዓሊ ነበር። በኒው ዮርክ የሥዕል ትምህርት ተከታትሏል። ይሁን እንጂ ዘር ከልጓም ይስባል እንደሚባለው መድረኩ መልሶ ይጎትተው ነበር። በ1902 አጎቱ ጆን ድሩ ዋና ሆኖ በሚጫወትበት «ዘ ማሚ ኤንድ ዘ ሃሚንግ በርድ» በተባለ ተውኔት ውስጥ፣ መንገድ ለመንገድ የሙዚቃ ሣጥን እያዞረ ሳንቲም የሚለቅም ጣሊያናዊ ሆኖ ወጣ። ይሄ ሰውዬ እንግሊዝኛ የማያውቅ ድሃ ነው፤ አብዛኛውን ነገር የሚናገረው በእጁ፣ በዓይኑና በትከሻው ነው። ተመልካቹ የመጣው አጎትየውን ለማየት ነበር፤ ሲወጣ ግን የሚያወራው ስለ ሙዚቃ ሣጥን አዟሪው ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። የሊዮነልን መንገድ ያሳየው ያ ሚና ዋና ሚና አልነበረም። ሠዓሊ መሆኑም የጠቀመው ይመስለናል። ሠዓሊ የሰውን ፊትና አቋም ከውጭ አይቶ መያዝ ይለምዳል፤ ረዳት ተዋናይም ብዙ ቃል ስለማይሰጠው ሰውየውን በአካሄዱና በአቀማመጡ መሳል አለበት።

ያም ሆኖ ሰውየው ስኬቱን ትቶ ሸሸ። በ1906 ከባለቤቱ ከዶሪስ ራንኪን ጋር ወደ ፓሪስ ሄዶ ሥዕል ያጠና ጀመር። ሦስት ዓመት ያህል ቆየ። ሥዕሉ ግን ቤተሰብ የሚያሳድር አልሆነም። በ1909 ወደ አሜሪካ ተመልሶ እንደገና ተዋናይ ሆነ። በዚያው ዘመን ኀዘንም አልተለየውም፤ ሁለት ሴቶች ልጆቹ አንዷ በ1910 ሌላዋ በ1917 በሕፃንነታቸው ሞተውበታል።

ከፓሪስ መልስ ሌላው ተዋናይ የናቀውን ሥራ ያዘ፤ ሲኒማ ማለታችን ነው። በ1911 ገደማ ዳይሬክተሩ ግሪፊዝ በሚሠራበት ባዮግራፍ ኩባንያ ገብቶ በአጫጭር ድምፅ አልባ ፊልሞች መታየት ጀመረ። የመድረክ ታላላቆች ፊልምን እንደ ገበያ ጨዋታ በሚያዩበት ጊዜ እሱ ካሜራ ፊት እንዴት እንደሚቆም ተማረ። በ1912 «ዘ ኒው ዮርክ ሃት» በተባለው ፊልም ውስጥ ከሜሪ ፒክፎርድ ጋር ቄስ ሆኖ ሠርቷል።

ወንድማማቾቹና አድማው

ሊዮነል ዋና ሆኖ አያውቅም ማለታችን አይደለም። በ1918 «ዘ ኮፐርኸድ» በተባለው ተውኔት፣ ለሊንከን በምስጢር እየሠራ ጎረቤቶቹ ግን ከሃዲ ነው ብለው ዕድሜ ልኩን የሚጠሉትን ገበሬ ተጫውቶ ኒው ዮርክን አስደንቋል። በ1919 ደግሞ ከወንድሙ ከጆን ጋር «ዘ ጀስት» የተባለውን ተውኔት ተጫወቱ።

በዚያው በ1919 ነሐሴ ወር የአሜሪካ ተዋናዮች አድማ መቱ። ጥያቄያቸው የቅንጦት አልነበረም። ተዋናዩ ልምምድ የሚያደርገው ያለ ክፍያ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ልብሱን የሚገዛው ከኪሱ ነው፤ ትርኢቱ በጉዞ ላይ ቢከስር ባለቤቱ ባልታወቀ ከተማ ጥሎት ይሄዳል። ይህ ሁሉ የሚጎዳው ይበልጡን ስም የሌለውን ረዳት ተዋናይ እንደሆነ ግልጽ ነው። ኤቴልና ሊዮነል ባሪሞር ግን ስም እያላቸው ከአድማው ጎን ቆሙ። ለአድማው ገንዘብ ለማሰባሰብ በተዘጋጀው ትርኢት ላይ አብረው ወጡ። አንድ ወር ያህል ከቆየ በኋላ ቀጣሪዎቹ የተዋናዮቹን ማኅበር ለመቀበል ተገደዱ። ታላቅ ስም ለጋራ ጥቅም ሲውል ምን ያህል እንደሚያግዝ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም።

በ1921 ሊዮነል ማክቤዝን ተጫወተ፤ ወደቀ። በዓመቱ ጆን ሃምሌትን ተጫወተ፤ ከተማው ተነሣ። አንዱ ቤት፣ አንዱ ሙያ፣ አንዱ ደራሲ፤ ዕድሉ ግን ለየቅል። ሊዮነል ከጥቂት ዓመታት በኋላ መድረኩን ተሰናብቶ ወደ ሆሊውድ ሄደ፤ በ1926 ከሜትሮ ጎልድዊን ሜየር ጋር ተዋዋለና ቀሪውን ዘመኑን ከሞላ ጎደል እዚያው ጨረሰ።

በ1931 «ኤ ፍሪ ሶል» በተባለው ፊልም ሰካራም ጠበቃ ሆኖ በመሥራቱ ኦስካር ተሸለመ። ልብ በሉ፤ የፊልሙ ታሪክ የሚያጠነጥነው በልጅቷ ላይ ሆኖ እሱ አባት ነው። ሽልማቱን ያገኘው ግን በዋና ተዋናይነት ነበር፤ ምክንያቱም ለረዳት ተዋናይ የሚሰጥ ሽልማት ገና አልነበረም። ይህ ሽልማት የተጀመረው ለ1936 ፊልሞች ነው። ያኔም ቢሆን ዋናዎቹ የታወቀውን ሐውልት ሲቀበሉ ለረዳቶቹ የሚሰጣቸው ሰሌዳ ነበር። ሐውልቱ ለረዳቶቹም የተፈቀደው በ1944 በተደረገው ሥነ ሥርዓት ነው። ዓለም ለሁለተኛ ሰው ያለውን ግምት ለማወቅ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

አሁን አንድ ትርኢት እንመልከት። በ1932 በተሠራው «ግራንድ ሆቴል» ጆን ገንዘብ ያጠረው ባሮን ነው፤ ሊዮነል ደግሞ ሊሞት መሆኑን ሐኪም ነግሮት ያጠራቀማትን ይዞ ሆቴሉ የገባ የሒሳብ ሠራተኛ። ባሮኑ የዚህን ምስኪን የገንዘብ ቦርሳ ይሰርቃል። ሰውየው ቦርሳው መጥፋቱን ሲያውቅ እንደ ሕፃን ይርበተበታል፤ ያቺ ቦርሳ የቀረችው ሕይወቱ ናትና። ባሮኑ ይህን አይቶ አልችል ይልና ያገኘው መስሎ ይመልስለታል። በዚህ ትርኢት ተመልካች የሚወደው ባሮኑን ነው። ግን የባሮኑ ርኅራኄ በምን ታወቀ? በሒሳብ ሠራተኛው ጭንቀት አይደለም እንዴ? ሊዮነል ያን ጭንቀት ባያሳየን ኖሮ የጆን ደግነት ባዶ ንግግር ሆኖ ይቀር ነበር። የረዳት ተዋናይ ሙያ ማለት በአጭሩ ይኸው ነው።

ተሽከርካሪው ወንበር

ከ1930ዎቹ አጋማሽ በኋላ ሊዮነል ዳሌው በተደጋጋሚ ተጎድቶ፣ በዚያ ላይ የመገጣጠሚያ ሕመም ተጨምሮበት መቆም አቃተው። የመድረክ ሰው እግሩ ከከዳው አለቀለት ይባላል። እሱ ግን አላለቀለትም። በ1938 «ዩ ካንት ቴክ ኢት ዊዝ ዩ» በተባለው ፊልም በክራንች ወጣ፤ የታሪኩ አያት በደረጃ ድጋፍ ላይ ሲንሸራተት እግሩን እንደተጎዳ ተደርጎ ተጻፈለት። በዚያው ዓመት በተጀመረው የዶክተር ኪልዴር ተከታታይ ፊልም ደግሞ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጠ ቁጡ ሐኪም ዶክተር ጊልስፒ ሆነ። ዋናው ወጣቱ ሐኪም ነበር። ዘጠኝ ፊልም አብረው ከሠሩ በኋላ በ1942 ዋናው ተዋናይ ሉ ኤርስ ሰው አልገድልም፣ መሣሪያ አልይዝም በማለቱ ከተከታታዩ ወጣ። ኩባንያው ታዲያ ታሪኩን አላቆመም፤ በሽማግሌው ስም ስድስት ፊልም ጨመረበት። ሁለተኛው ሰው ከመቀመጫው ሳይነሣ አንደኛ ሆነ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚታወስበት በ1946 በወጣው «ኢትስ ኤ ወንደርፉል ላይፍ» የሠራው ሚስተር ፖተር ነው። ፖተር ከተማዋን ሊውጥ የሚፈልግ ባለ ገንዘብ ነው፤ የእሱ ያልሆነ 8,000 ዶላር እጁ ገብቶ ዝም ይላል፤ ፊልሙም ሳይቀጣው ያበቃል። የዋናውን ሰው ደግነት የምንመዝነው በዚህ ሽማግሌ ክፋት ነው። ፊልሙ በወጣበት ጊዜ ወጪውን እንኳ በቅጡ አልመለሰም፤ ከ1974 በኋላ የቅጂ መብቱ ሳይታደስ ቀርቶ በየቴሌቪዥኑ ሲታይ ግን በየዓመቱ የገና ሰሞን የሚጠበቅ ሆነ። በ2003 የአሜሪካ ፊልም ተቋም የምንጊዜም ክፉ ገጸ ባሕርያትን ሲደረድር ፖተርን 6ኛ አድርጎታል።

ነገሩን ሁሉ ማር አድርገን ማቅረብ አንፈልግም። ኩባንያው ይህን ሰው በአንድ ቅርጽ አስገብቶ ብዙ ተጠቅሞበታል፤ ላዩ ቁጡ ውስጡ ሩኅሩኅ ሽማግሌ በፊልም ላይ ፊልም ሲደጋገም ይሰለቻል። ሥዕሉም ቢሆን እንደተመኘው መተዳደሪያው አልሆነም። ነገር ግን አልተወውም። በብረት ሰሌዳ ላይ እየቀረጸ ሥዕል ያትም ነበር፤ ሙዚቃ ይደርስ ነበር፤ በ1942 ለሞተው ወንድሙ ለጆን መታሰቢያ የደረሰውን ሙዚቃ የፊላደልፊያ ኦርኬስትራ ተጫውቶለታል። ጆን ሲሞት ስሙ ገናና ቢሆንም መጠጥ የመጨረሻ ዓመታቱን በልቶበት ነበር። ሊዮነል ግን እስከ 1954፣ በ76 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ ከሥራ አልራቀም።

እንግዲህ ከዚህ ሰው ሕይወት ምን እንይዛለን? ቤተሰብ ስምና የመጀመሪያ በር ይሰጣል፤ ሚናን ግን በደብዳቤም ቢሆን መልሶ ይነሣል። ቤት ምሰሶው ቢታይም የሚያቆመው ማገሩ ጭምር ነው። የሚቀጥለው ተውኔት ሲዘጋጅ ሚና ዕጣ የሚወጣ ከሆነና በረኛው ከደረሰን፣ በረኛው ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ንጉሡን ሲያይ ምን እንደሚያስብ ቁጭ ብለን እንጠይቅ። ያን ጊዜ ንጉሡም ንጉሥ ይመስላል።